ከበረዶ ጠራጊው ኋላ

ከሚዛን የወጣሁ ዕለት ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም ነበር። እናቴ ላስቲክ ተከናንባ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አውቶብሱ ሊነሳ ሲል እጄን በመስኮት ይዛ በቤንችኛ፣ "የሰው አገር ምግብ አትናቂ" አለችኝ። አባቴ ጉራጌ ነው፤ ከእሱ ጋር በአማርኛ ነበር የምናወራው። ታናሽ ወንድሜ ታምሩም ቤንችኛ እየሰማ በአማርኛ ነው የሚመልሰው። ያ ቋንቋ የእናቴና የእኔ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ኖርዌይ የመጣሁት በትዳር ነው። ትዳሩ ፈረሰ፤ እኔ ቀረሁ። አሁን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሰው አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ግን እስከ ማግስቱ አፌን የማልከፍትበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው የገና ሰሞን ሙሉጌታና ሚስቱ ሃና በዓሉን ከእነሱ ጋር እንዳሳልፍ ለመኑኝ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፣ ደጎች። ተራራውን አቋርጠን ባሕር ዳር ወዳለች ከተማ፣ ወዳጆቻቸው ዘንድ ልንሄድ በእነሱ መኪና ወጣን። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ በረዶ ሲባል ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው የሚመጣባችሁ። የዚህኛው ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ዛፉን፣ አጥሩን፣ መንገዱን ውጦ ዝም ይላል።

ሽቅብ እየወጣን ሳለ ታምሩ ደወለ። እማዬ ጓሮ ቡና ስትለቅም ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል እንዳደረሷት ነገረኝ። "ሐኪሙ እያያት ነው፤ ግን አስቱ..." ሲል ዋሻ ውስጥ ገባንና ተቋረጠ። ከዋሻው ስንወጣ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ነፋስ በርትቶ መንገዱ በብረት ተዘግቶ፣ መኪኖች ተሰልፈው አገኘን። ነፋሱ እስኪበርድ ማንም አያልፍም፤ ከዚያ በኋላም ሁሉም በሰልፍ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ ነው የሚሄደው። ኮሎኔ ይሉታል።

ከሚዛን ቴፒ ስንሄድ ስንት ጊዜ ጭቃ ይዞን ነበር። መኪና ሲቆም ሰው ከየቤቱ ይወጣል፣ ይገፋል፣ ይመክራል፣ ይሳደባል፤ አንዷ እናት የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ይዛ ትመጣለች። እዚህ ያ ሁሉ ሰው በየመኪናው መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ሙሉጌታና ሃና አይዞሽ አሉኝ፣ ደጋግመው አሉኝ። ሃና ወሬ ልታስለውጠኝ ብላ ሚዛን ጋምቤላ አጠገብ ነው ወይ አለችኝ። ኋላ የሰፈራቸውን ጨዋታ አንስተው ሳቁ፣ እኔ ትዝ ስላቸው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጡ። ዝምታው ባሰብኝ። ወርጄ ብርቱካናማ ጃኬት ወደለበሰው የበረዶ ጠራጊው ሹፌር ሄድኩ።

"እናቴ ታማብኛለች" አልኩት።

"የት ነው ያለችው?"

"ኢትዮጵያ።"

ተራራውን አየ፣ እኔን አየ። "ታዲያ በዚህ መንገድ አትደርሺባትም" አለኝ። መቀለዱ አልነበረም፣ የምር ሊያስረዳኝ ነው።

"ስልክ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ከማዶ ይሠራል።"

"በእግሬ ብሄድስ?"

"ክልክል ነው።" ጥቂት አሰበና፣ "ደግሞም ትሞቻለሽ" ብሎ ጨመረበት።

ክልከላውን ከሞት ማስቀደሙ ሊያስቀኝ ሲል እንባዬ መጣ። ሰውዬው አፈረ። ወደ መኪናችን መልሶ ሸኘኝና ሙሉጌታን ከሰልፉ አውጥቶ ልክ ከእሱ ኋላ አቆመው። ቀድሞን የደረሰ ሁሉ በመስኮቱ አየን፤ አንድም ጥሩንባ አልተነፋም።

ብረቱ ሲነሳ ከፊታችን ከሚበራው ቢጫ መብራት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ በልቤ ለእናቴ የምላትን በቤንችኛ አዘጋጅ ነበር። ቃላቱ ይጠፉብኛል፤ አንዱን ሳገኝ ሌላው ያመልጠኛል። እሷ ከሄደች በዚያ ቋንቋ ማን ይጠራኛል? ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ለራሴ ማሰቤ ደግሞ አሳፈረኝ።

ከማዶ ስንወርድ ስልኬ ተንጫጫ። ሙሉጌታ መኪናውን ዳር አስያዘልኝ፤ እንደልቤ ላውራ ብለው ሁለቱም ወረዱ። ታምሩ አነሳና ነቅታለች፣ ነገ ጅማ እንወስዳታለን፣ ልቧ ነው ይላሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም አለኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

ትንፋሿን ሰማሁ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋና "እማ" ብቻ አልኩ።

"የት ነሽ?" አለችኝ፣ በቤንችኛ፣ ቀስ ብላ።

"መንገድ ላይ።"

"ከማን ጋር?"

በመስኮቱ አየሁ። ሙሉጌታና ሃና በረዶው ላይ ተቃቅፈው ፎቶ ይነሱ ነበር። ሃና እንድወጣ በእጇ ጠራችኝ።

"ከጓደኞቼ ጋር" አልኳት።

"ጎሽ። እንግዲያ ብቻሽን አይደለሽም።"

"አይደለሁም፣ እማ።"

ሌላ ነገር ተናገረች፤ አንዲቷ ቃል አልገባችኝም። ምን አልሽ ብዬ ልጠይቅ ስል ታምሩ ስልኩን ተቀብሏት ደክሟታል አለኝ።