አባቴ ከአሰላ ደጃፍ የተመለሱበት ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ አብዮቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የበኩር ልጄ ክርስትና በተነሳበት ዕለት ነው። ያልረሳሁት የባለቤቴ ዘመዶች እንድረሳው ስላልፈቀዱልኝ ነው። ድግስ ባለ ቁጥር እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ እኔ ያን ጊዜ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዛሬ ግን ራሴ ላውራው።

የተወለድኩት ኦጎልቾ ነው፤ የተዳርኩት አሰላ። መንገዱ በበቅሎ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። አማቴ ወይዘሮ አስካለ ግን ከባሕር ማዶ የመጣሁ ያህል ነበር የሚያዩኝ። ለእሳቸው አርሲ ማለት ብርዱና ገብሱ ነው። ገብስ የማይበቅልበት ሁሉ ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ የወባ አገር እንጂ የሰው አገር አይደለም። ራሴን ባመመኝ ቁጥር፣ "ከአገርሽ ይዘሽው የመጣሽው ነው" ይሉኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ወግ አለ። የልጅ ልጁን ሊያይ የሚመጣ አያት ዝም ብሎ ሰው ደጅ አይገባም። የአማቾቹ ወገን እስከ አገሩ ዳርቻ ሄዶ ይቀበለዋል። ካልተቀበሉት እንደ ተናቀ ይቆጠራል። ይህን አማቴም ያውቁታል፤ ያከብሩታልም። ጣጣው፣ ዳርቻው የት እንደሆነ አንድም ሰው አለመጠየቁ ነው። ሁሉም የሚያውቀው መስሎት ዝም አለ።

ለቆላ ሰው አሰላ የሚጀምረው ዳገቱ ከሚያልቅበት፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ነው። እዚያ ሲደርስ ብርዱ ይነካዋል። ጋቢውን ከአህያው አውርዶ ይለብሳል፣ እግሩን ይታጠባል፣ "አሰላ ገባን" ይላል። ለባለቤቴ ሰዎች ግን አሰላ የሚጀምረው ከኬላው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእነሱ ቆላ ነው። በጥዱና በኬላው መካከል ያለችው አንዲት ጅረት የምታቋርጣት ሜዳ ብቻ ናት። አንዱ ጋ የተቀመጠ ሌላው ጋ የተቀመጠውን ያያል።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንግዳው ተሰበሰበ። ምግቡ ቀረበ። አባቴ የሉም። ባለቤቴ ተሾመና እናቱ፣ እህቱ ዘውዴና ሽማግሌዎቹ ሊቀበሏቸው ከወጡ ቆይተዋል። አንድ ጎረቤታችን ከውጭ ገባና፣ "ሁለት ወገን ፊት ለፊት ተቀምጦ ይፋጠጣል። ክርስትና ነው ወይስ ጦርነት?" አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ልጁን አዝዬ ወጣሁ።

ኬላው ጋ ስደርስ አማቴ ወንበር አስመጥተው፣ ጃንጥላ አስዘርግተው ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ አባቴ ያውና። ለምን አልሄዳችሁላቸውም?"

"ቆላ ውረዱ ነው የምትይኝ? አሰላ እዚህ ጋ ያልቃል። አባትሽ እግር አላቸው፤ ይምጡ፣ እንቀበላቸዋለን።"

ተሾመን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

ሜዳውን ብቻዬን አቋረጥኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንድ አውቶቡስ ቀስ አለና ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። "አራስ ኮበለለች" ሲል ሰማሁ አንዱ። የምገባበት ጠፋኝ።

አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥዱ ሥር ተቀምጠዋል። አጎቴ ገመዳ አጠገባቸው ከአህያቸው ጎን ቆመው፣ ለስጦታ ያመጡትን ሙክት በገመድ ይዘዋል። መንገድ ላይ አድረው፣ አሰላ የደረሱት ጠዋት ነው።

"ያዩናል እኮ" አሉ አባቴ። "ከጠዋት ጀምሮ ያዩናል። ምን በድለናቸው ነው?"

"ከኬላው አናልፍም ብለው ነው፣ አባባ። አገራችን እዚያ ያልቃል ይላሉ። በቃ እኔ ተቀብዬዎታለሁ፣ እንሂድ።"

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው የገዛ ልጁ እየመራችው ሰው ቤት አይገባም። አንቺ የእኛ ነሽ። ተቀባይ እነሱ ናቸው።"

ዞሬ በነጠላዬ ጫፍ ተሾመን ጠራሁት። አልተነሳም። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ያን ጊዜ እናቱ፣ "ይኸው፣ ወደ ወገኖቿ ሄደች" እያሉ ነበር። አሰላ ተድሬ፣ አሰላ ወልጄ፣ ሁለቱም ወገን የአሰላ አይደለሽም አሉኝ።

አባቴ ልጁን ከጀርባዬ ሳላወርደው እንዳዘልኩት ግንባሩን ዳስሰው መረቁት። ከዚያ ገመዱን ከአጎቴ ተቀብለው ሰጡኝ። "አያቱ መጥቶ እንደነበር ይወቅ" አሉ። ፊቴን አላዩም። አህያዋን ነድተው ዳገቱን መውረድ ጀመሩ።

ሙክቱ ሜዳው መሐል ሲደርስ አልሄድም ብሎ ተኛ። ጎተትኩት። ሁሉም ያያል፤ የሚረዳኝ አልመጣም። ኬላው ጋ ስደርስ ዘውዴ፣ "አባት ልታመጪ ሄደሽ በግ ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ። አማቴ ገመዱን ተቀበሉኝና፣ "በጉስ ጨዋ ነው፣ ድንበሩን ተሻገረ" አሉ። ሁሉም ሳቁ። ተሾመም ሳቀ። ማታ ሙክቱ ታረደ። እኔ አልቀመስኩም፤ አለመቅመሴንም ያስተዋለ የለም።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሰላ አልመጡም። በተከታዩ ክረምት ሞቱ። ለለቅሶው አማቴ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው፣ ኬላውንም ጥዱንም አልፈው ኦጎልቾ ድረስ ወረዱ። አባቴ ቤት፣ አባቴ መደብ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ፣ "እንዴት ያሉ ደግ አማት ናቸው" አለ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የማለቅስ መስሏቸው ነበር።

ዛሬ አማቴም ተሾመም የሉም። ልጄ፣ "እማዬ፣ ይቅር በያቸው" ይለኛል። ለእሱ ቀላል ነው፤ ያን ቀን ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ነበር። አንዳንዴ አያቱ ምን ይመስሉ እንደነበር ይጠይቀኛል። ፊታቸውን ላስታውስ እታገላለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን ዳገቱን የሚወርድ ጀርባ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ እያየሁት ያደግኩትን ፊት ማጣቴን ለልጄ መንገር ስለማፍር፣ አንተን ይመስሉ ነበር እለዋለሁ።