ሃያ ስምንት ወንበር የበሉት ሰው

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ አፈ ምስማር» ነው የሚላቸው። ሌላው ሰው «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» ሲባል የእሳቸው ተገላቢጦሽ ነው፤ ልባቸው ቅቤ፣ አፋቸው ምስማር። ስሙ ስድብ አይደለም። ሥራቸው ሶፋና ወንበር ማልበስ ነውና ጥቃቅኑን ምስማር ዘገን አድርገው አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ከዚያ አንድ በአንድ በምላሳቸው ወደ ከንፈራቸው እየገፉ፣ በግራ እጃቸው እየተቀበሉ፣ በቀኛቸው በቀጭኗ መዶሻ ይመቱታል። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። አፋቸው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ ለደንበኛ የሚመልሱት በራሳቸው ነው፤ ወደ ታች ከነቀነቁ እሺ፣ ወደ ጎን ከወዘወዙ እምቢ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው «አባቴ ታገባታለህ ወይ ሲለው ራሱን ነቀነቀ፤ ድምፁን የሰማሁት ከሠርጉ በኋላ ነው» እያሉ ሰው ያስቁ ነበር።

ሌላም ልማድ አላቸው። የወንበሩን ሆድ በጨርቅ ከመዝጋታቸው በፊት ጣውላው ላይ በአናጢ እርሳስ ይጽፋሉ፦ ቀኑን፣ ባለቤቱን፣ ወንበሩ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ከስንት ስንተኛ እንደሆነ። እንዲህ ያስለመዷቸው ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌ ናቸው። «ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ባለሙያ ከየት ቤት እንደመጣ ይወቅለት እንጂ» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ጽሑፉን ባለቤቱ አያየውም፤ መኖሩንም አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በጋዜጣ ነው። የጤና ሚኒስትሩ በመንግሥት ገንዘብ ያወራረዱት ወጪ ተዘርዝሮ ወጣ። የባለቤታቸው የአውሮፕላን ቲኬት «የክትባት ዘመቻ» ተብሏል። የልጃቸው የልደት ድግስ «የባለሙያዎች ምክክር»። ግቢያቸው ውስጥ ያስቆፈሩት መዋኛ ገንዳ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «የንጹህ ውሃ አቅርቦት»። ይሄ ሁሉ የሆነው በዚያው ከተማ ሆስፒታል በአንድ አልጋ ሁለት አራስ በሚተኛበት ጊዜ ነው። ይህን አንብቦ ደሙ ያልፈላ ሰው ካለ መጀመሪያም ደም አልነበረውም።

ሰዉ ተንጨረጨረ። አውቶቡስ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ወሬውን እየተቀባበሉ አብረው ተራገሙ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ሲያነቡ ተራቸው ደረሰ፤ ማንም አልቀደማቸውም፣ ሁሉም መጨረሻውን ሊሰማ ቆሞ ነበር። ከጋሽ አፈ ምስማር ሱቅ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን አንጠልጥሎ በር ላይ ወጣ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኚህ ሰውዬ ግን ሳህኑንም አላስተረፉት» አለ።

ጋሽ አፈ ምስማር አፋቸው ሙሉ ስለነበር ራሳቸውን ወደ ጎን ወዘወዙ። ተናደዋል። አንድ ልጃቸው በዚያው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። ምጥ የያዛቸው ሴቶች ማቆያው ክፍል መሬት ላይ ነጠላ ጫማቸውን ትራስ አድርገው ተራ እንደሚጠብቁ ስንቴ ነግራቸዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው አንድ ደረሰኝ በፎቶ አወጣ። «ለእናቶች ማቆያ ክፍል፣ አርባ ወንበር ማልበስ» ይላል። ከሥሩ ያለው ክብ ማህተም የጋሽ አፈ ምስማር ነው።

ጋዜጣውን ያመጣላቸው ያው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላቸው ወጣ። ጋሽ አፈ ምስማር አርባ የሚለውን አዩት፤ የእሳቸው ጽሕፈት አይደለም። ማህተሙን አዩት፤ የራሳቸው ነው። ገና ያላለበሱት ወንበር ላይ፣ ባዶ ጣውላው ላይ ተቀመጡ።

ትዝ አላቸው። ከሁለት ወር በፊት ከሚኒስትሩ ቤት የተላከ አንድ ባለመነጽር ሰው አሥራ ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች አምጥቶ ነበር። አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ፣ ዙሪያውን የነሐስ ምስማር። ሊረከብ የመጣ ዕለት እሳቸው አሥራ ሁለተኛውን ገልብጠው ሆዱን እየዘጉ ነበር። ሰውየው መሳቢያው ላይ ያለውን የደረሰኝ ጥራዝና ማህተሙን አየ። «ጋሼ፣ ሥራዎን አይፍቱ፤ እኔው ልሙላልዎት?» አለ። አፋቸው ምስማር ሞልቶ ነበር። ነቀነቁለት። ሰውየው የአሥራ ሁለቱን ከፍሎ፣ ወንበሮቹን አስጭኖ፣ አመስግኖ ሄደ።

በማግስቱ ክቡር ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀረቡ። ፊታቸው የተበደለ ሰው ፊት ነበር። «አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ሆስፒታሉ ውስጥ አሉ» አሉ። «ሃያ ስምንቱን አላስረከበም። የሕዝብ ሀብት የበላው ባለሙያ ተብዬው ነው፤ በሕግ ይጠየቃል።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። በገንዳው የሚዋኝ ሰው ከምስማር ጋር የሚኖረውን ሰው ሌባ አለ፤ ያውም ሳያፍር፣ ያውም ከረባት አስሮ።

የሚያናድደው ግን ሚኒስትሩ ብቻ አይደሉም። ትላንት ሚኒስትሩን ሲራገም የነበረው ሰው ዛሬ ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ። ሚኒስትሩ ሩቅ ናቸው፣ አጥር አላቸው፣ ዘበኛ አላቸው፤ ጋሽ አፈ ምስማር ግን እዚሁ ናቸው። አንዱ በራቸው ላይ በከሰል «28» ብሎ ጻፈ። ሁለት ደንበኞች ያልተጠናቀቀ ሶፋቸውን ስፖንጁ እንደወጣ ጭነው ወሰዱ። ፖሊስ ሰኞ እንዲቀርቡ መጥሪያ አመጣ። ዳቦ ሻጯ «ስንት ልስጥዎት? ሃያ ስምንት?» አለችና ከኋላቸው የቆመው ሰልፍ ሳቀ። ጋሽ አፈ ምስማር ዳቦውን ሳይገዙ ተመለሱ። በሕይወታቸው አንድ ጥቅል ክር የሰው ወስደው አያውቁም። ያላቸው ስማቸው ብቻ ነበር፤ እሱም በከሰል ተጽፎበት በር ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ከሥራ ቦታዋ ደወለች።

«አባዬ፣ ወንበሮቹ መጡ።»

«የምን ወንበሮች?»

«አረንጓዴ ከፋይ። ጎህ ሲቀድ መኪና አራገፋቸው። አንዷ ምጥ የያዛት ሴት ተቀመጪ ስላት አበላሸዋለሁ ብላ ፈርታ መሬት ላይ ቀረች። በአራት ሰዓት ሚኒስትሩ ጋዜጠኛ ይዘው ሊያሳዩ ነው፤ ከድሮም እዚህ ነበሩ እንበል ተብለናል።»

ጋሽ አፈ ምስማር ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ጉጠታቸውን፣ መዶሻቸውንና መፍቻቸውን ከረጢት ውስጥ ከተቱ። ምስማር አልያዙም።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ዘበኛው ሊያስገባቸው አልፈለገም፤ ልጃቸው ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥታ «አባቴ ናቸው» ብላ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ማቆያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዱ መስኮት በካርቶን ተደፍኗል። አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረው እርጉዞቹ በግድ ተቀምጠውባቸዋል። ካሜራዎች ተደቅነዋል። ሚኒስትሩ መሃል ቆመው ስለ እናቶች ክብር እየተናገሩ ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ጋሽ አፈ ምስማር በካሜራዎቹ መካከል አልፈው በር አጠገብ ወደተቀመጠችው ሴት ሄዱ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ተነሽልኝ።»

ሴትዮዋ ሆዷን ደግፋ ተነሳች። ጋሽ አፈ ምስማር ወንበሩን ገለበጡት።

«ማነው ይሄ ሰውዬ? አስወጡት እንጂ» አሉ ሚኒስትሩ።

«ሃያ ስምንት ወንበር የበላሁት ነኝ፣ ክቡርነትዎ» አሉ ጋሽ አፈ ምስማር። ድምፃቸው ሳያስቡት ወፍሮ ወጣ።

አንድ ጠባቂ ክንዳቸውን ሊይዝ መጣ፤ ካሜራው ወደ እሱ ሲዞር እጁን ሰበሰበ። ጋሽ አፈ ምስማር ምስማሮቹን በጉጠት ነቃቀሉ። ራሳቸው የመቱት ነውና ማዕዘኑን ያውቁታል። የሆዱ ጨርቅ ተላቀቀ። ጣውላው ላይ ያለውን እንዲያነብ አንዱን ጋዜጠኛ ጠሩት፤ እሱም መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ።

«የሚኒስትሩ መኖሪያ ቤት። ምግብ ክፍል። ሰባተኛ ከአሥራ ሁለት።» ቀኑንም አነበበ፤ ከሁለት ወር በፊት ነው።

«ይሄንን ማንም ሊጽፈው ይችላል» አሉ ሚኒስትሩ። «ዛሬ ጠዋት ገብቶ የጻፈው ነው።»

ያቺ የተነሳችው ሴት ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «እስቲ ተነሽ እህቴ፣ ያንቺም ይከፈት» አለች። ጎረቤቷ ተነሳች። ከዚያ የቀጠለችው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ምጥ እንደያዛቸው፣ ወገባቸውን እንደያዙ፣ አሥራ ሁለቱም ተነሱ። ጋሽ አፈ ምስማር ላባቸው እየተንጠባጠበ አንድ በአንድ ከፈቱ። አንደኛ ከአሥራ ሁለት። አራተኛ ከአሥራ ሁለት። አሥራ ሁለተኛ ከአሥራ ሁለት። ሁሉም ምግብ ክፍል። ሚኒስትሩ ከስድስተኛው በኋላ አልነበሩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሰውየው በአምስተኛው ቀን ሥልጣን ለቀቁ፤ የጤና ሚኒስትሩ የለቀቁት «በጤና ምክንያት» ነው ተባለ። የፖሊስ መጥሪያው ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩ ባልዲና ሳሙና ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ያለውን ከሰል ራሱ አጠበው። ዳቦ ሻጯ የሞቀ ዳቦ ቤታቸው ድረስ ላከች። ሰዉ በሱቁ ሲያልፍ ኮፍያውን ያነሳል። ጋሽ አፈ ምስማር ለሁሉም ይነቀንቃሉ፤ ፊታቸው ግን አልፈካም።

በሳምንቱ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ገባችና የስፖንጅ ክምር ላይ ዘፍ አለች።

«ፖሊስ ወንበሮቹን ለኤግዚቢት ብሎ ጭኖ ወሰዳቸው» አለች። «ሴቶቹ ዛሬም መሬት ላይ ናቸው። ሌባውን ያዝን ብሎ ከተማው ይጨፍራል፣ እነሱ ሲሚንቶ ላይ ያምጣሉ።»

ጋሽ አፈ ምስማር መዶሻውን አቆሙ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጋዜጠኞቹ ስለ ወንበሮቹ ጠየቁህ። ስለ ማህተምህ የጠየቀህ ግን የለም። እንዴት ወረቀቱ ላይ ደረሰ?»

አፋቸው እንደልማዱ ሙሉ ነበር። ዝም አይነቅዝም እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን ወዝወዘው ማለፍ ይችሉ ነበር። ምስማሮቹን መዳፋቸው ላይ ተፉ።

«ነቀነቅኩለት» አሉ። «ልሙላልዎት ወይ አለኝ፤ አፌ ሙሉ ነበር፤ ነቀነቅኩለት።»

«ሲጽፍ እዚሁ ነበርክ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼው።»

«የሚኒስቴሩ ገንዘብ ያዥም ነቅንቆለት ነው» አለች ልጅቷ። «ግዢ ክፍሉም። ሾፌሩም። እኛም ከድሮም ነበሩ በሉ ስንባል ነቅንቀናል።» ቁጣዋ በእሳቸው ብቻ ሳይሆን በራሷም ላይ እንደሆነ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤት ገባች።

ጋሽ አፈ ምስማር ለአራት ቀን የደንበኛ ሥራ አልተቀበሉም። ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠሩ። ከፋይ አላለበሱትም፤ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ አደረጉበት፣ ማንም ሴት አበላሸዋለሁ ብላ እንዳትፈራ።

በአራተኛው ቀን ልጃቸው የሆስፒታሉን ንብረት ክፍል ኃላፊ ይዛ መጣች። ገራገር፣ ችኩል ሰው ነው፤ መኪናው ውጭ ቆሟል። ጋሽ አፈ ምስማር አግዳሚውን ገልብጠው የመጨረሻውን ጠርዝ እየመቱ ነበር።

«እንደው እግዜር ይስጥልን። ያለ ደረሰኝ ግን መዝገብ ላይ ማስገባት አልችልም» አለ ሰውየው። ጥራዙን መሳቢያው ላይ አየው። «ጋሼ፣ ሥራዎን አይፍቱ፤ እኔው ልሙላልዎት?»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አባቷን አየች።

ጋሽ አፈ ምስማር መዶሻውን አስቀመጡ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ፣ አሥራ አንድ ነበሩ፣ መዳፋቸው ላይ ተፉና ጣሳው ውስጥ ጨመሯቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ጥራዙን ወደ ራሳቸው ስበው እርሳሱን ተዉና እስክሪብቶ አነሱ። «ለእናቶች ማቆያ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር» ብለው በዝግታ ጻፉ። ዋጋ የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ራሴን ለነቀነቅኩበት ካሳ» ብለው ጻፉና ማህተሙን በገዛ እጃቸው መቱ።