አራቱ ልጆች የማሉት

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ አንዲት በግ ማከም ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ግቢው ጭቃ ነው። እኔ የበጓን ራስ በጉልበቶቼ መካከል አጥብቄ ያዝሁ፤ እሱ በአውራ ጣቱ የዐይኗን ቆብ ወደ ታች ገልጦ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ነጥቷል፤ ነይ እይው» አለኝ።

አየሁት። ቀይ መሆን የነበረበት የዐይኗ ውስጥ ገርጥቷል። ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ለብቻው አይቶ አያልፍም ነበር። ለጉበት ትል የሚሰጠውን ኪኒን ከምላሷ ኋላ አስቀምጦ አፏን ዘጋና ጉሮሮዋን አሻሸላት፤ ዋጠች። እጁን ሲታጠብ ውኃ አፈሰስሁለት። «ሻይ አለ?» አለኝ። ነበር፤ ጠጣን። በዚያው ሳምንት ደረቱን ያዘውና ወደ ጎንደር ስንወስደው መንገድ ላይ አረፈ።

የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው። አንዳንድ ቀን የጀመርሁትን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ግን ልጃችን ያደረገችውን እሱ አላየም፤ ያየሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ዳባት ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። እኔ እዚያው ዳባት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ልጃችን አንድ ናት። ትምህርት ሲዘጋ አባቷን ተከትላ ገጠር ለገጠር ትዞር ነበር፤ የክትባቱን ሳጥን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ማታ ልብሷ በግ በግ እየሸተተ ትመለሳለች። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ጎንደር ሄደው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰነብቱ፣ አንድ ቀን ከአጥር ወዲያ ተማሪዎች የጋሪ ፈረስ ኮቴ ሲያክሙ አይታለች። ቤት ስትመለስ አባቷ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ቢላት «ደኅና ነው» ብላ ወደ ፈረሱ ሄደች። ፈረሱን ማን እንደያዘው፣ በምን እንዳጠቡት፣ አንዷ ተማሪ ስትረገጥ እንዴት እንደሳቀች ስትነግረው፣ እሱም መልሶ መላልሶ ሲጠይቃት ወጡ ቀዘቀዘ። እዚያ ማዕድ ላይ ምን መማር እንደምትፈልግ ማንም አልጠየቃትም። መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

ውጤት የመጣው ቤታችን ገና ሐዘን ላይ ሳለ ነው። ከትምህርት ቤቱ ያለፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ልጄና ሦስት ጓደኞቿ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ልጄ ፀጉሯን ለአባቷ ተቆርጣ፣ ጥቁር ለብሳ ከስልኳ ላይ ውጤቷን አነበበችልኝ። አለቀስን። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ መጣብንና ለየትኛው እንደምናለቅስ አላወቅንም።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት መጣ። ዳባትም ይሁን ደባርቅ ገበያ ላይ ሰው ልጅሽ ምን ትወዳለች ብሎ አይጠይቅም፤ የት ደረሰች ብሎ ነው የሚጠይቅ። አዲስ አበባ ከሆነ «እሰይ» ይላል፤ ሌላ ቦታ ከሆነ «እሱም ደግ ነው» ይላል። ይህችን «እሱም ደግ ነው» የምትለዋን ቃል ልጆቹ ሁሉ ይፈሯታል።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ከደረስጌ መጥታ ለአርባው ተዝካር ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ጉዳዩን በአንድ ቀን ጨረሰችው።

«አዲስ አበባ ትሂድና የሰው ሐኪም ትሁን» አለችኝ። «የወንድሜን ስም የምታስጠራው እሷ ናት። አባቷ እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ ከከብት ጭራ ሥር ነው የኖረ።»

«ወዶት ነው የኖረ እትዬ።»

«እሱማ ምን የማይወደው ነበረው» ብላ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች።

ለልጄ ይህን አልነገርኋትም፤ ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሰምታለች። ምን ልትሞዪ አሰብሽ ብዬ ስጠይቃት ቀና ሳትል «አንደኛ አዲስ አበባ» አለችኝ። ለምን ብላት «ሁሉም እዚያ ነው የሚሞሉ» አለች። ስለ ጎንደር ጠየቅኋት። ስለ ፈረሱ ጠየቅኋት። «እሱ ቀርቷል እማዬ» አለችኝ። በቀላሉ የተባለ ነገር አልነበረም። ጎንደርን ካልሞላች የአባቷን ሙያ ትታ እንደምትኖር፣ ያም እስከ መጨረሻው እንደሚቆጫት አውቄያለሁ። ደግሞ እንደ አክስቷ በሟች ስም ልይዛት አልፈለግሁም። «አባትሽ ቢኖር ምን ይል ነበር ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቅም» አልኋት። ይህን ብቻ ነው ያልኋት።

ከተዝካሩ በፊት ጓደኞቿ ምስር ሊለቅሙልን መጡ። ሦስቱንም ትንንሽ ሆነው አስተምሬያቸዋለሁ፤ ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። አንዷ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ሙስሊሞች ናቸው፤ ከአራቱ ተናጋሪዋ እሷ ናት። አንዷ ረጅም ናት፤ ከበር ስትገባ ጎንበስ ትላለች። ሦስተኛዋ ዝምተኛ ናት። ሰፌዱን በመካከላቸው አድርገው ሲለቅሙ እኔም ተቀመጥሁ።

«እንበል አዲስ አበባ ደረሳችሁ» አልኋቸው። «በማግስቱ ጠዋት ምን ታደርጋላችሁ?»

«ፎቶ እንነሣለን» አለች የነጋዴው ልጅ።

«ከፎቶው በኋላስ?»

«እንልካለን። እዚህ የቀረው ሁሉ ይየው።»

ሳቁ። ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ፤ እኔም ስስቅ አይተው ለቀቁት።

«ሕክምናውስ?» አልሁ።

«እኔ ሕክምና ከገባሁ እሞታለሁ» አለች ረጅሟ። «ቲቸር ያውቁ የለ፤ ክትባት ሲሰጡን የወደቅሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ክንድ ሲወጋ አይቼ።»

«ሁለት ሰው ነው የተሸከመሽ» አለች የነጋዴው ልጅ። «አንዱ እግርሽን ብቻ።»

«ታዲያ ለምን ትሞይዋለሽ?» አልኋት።

ዝምተኛዋ የያዘችውን ጠጠር አገላብጣ አየችው። እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ሁሉም ወደ ልጄ አዩ።

«ምለን ነው እማዬ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፈተናው በፊት፣ በማርያም ቀን፣ አራቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደዋል። እንዳንለያይ፣ ምርጫችንን ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በአንድ ቅደም ተከተል እንሙላ ብለው ሦስቱ በእመቤታችን ምለዋል። የነጋዴው ልጅ ውጭ ቆማ «ወላሂ» ብላለች። አንደኛውን ማን መረጠው ብላቸው ማንም አልመረጠውም፤ ሌላ ነገር አንደኛ ይሆናል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

እኛ ዘንድ የማለ ሰው የራሱን መሐላ ራሱ አይፈታም። ይቅርባችሁ ብላቸው ልጆቹ ኃጢአት ይዘው ይኖራሉ፤ ሙሉ ብላቸው አንዳንዶቹ የማይፈልጉትን ይሞላሉ። ጓደኞቿ ከሄዱ በኋላ ልጄ ሰፌዱን እያራገፈች ሌላውንም ነገረችኝ።

«መሐላው ብቻ አይደለም። አባዬን አጣሁ። እነሱንም ካጣሁ ማን ይቀረኛል?»

እኔ አለሁልሽ አላልኋትም። ይህ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «ነገ ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ» አልኋት።

የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤቴን የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው ደጅ በፀሐይ ተቀምጠው አገኘናቸው። መስቀል ተሳልማ ሁሉን ነገረቻቸው።

«ቅደም ተከተሉንም ጨምራችሁ ማላችሁ?» አሏት።

«አዎ አባ።»

«ተራ ቁጥሩን?»

«አዎ አባ።»

አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳል የያዛቸው መስሎኝ ነበር። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ዕንባ አዝሏል፤ እየሳቁ ነው።

«ልጄ፣ እመቤታችን ተማሪ አትመድብም» አሉ። ቆየት ብለው ግን ሳቃቸውን ተዉት። «ስሟን ግን ጠርታችኋል፤ ቀልድ አይደለም። እፈታችኋለሁ። አንቺን ብቻ ግን አልፈታም። አብራችሁ እንደማላችሁ አብራችሁ ኑ። አንዷ ተፈትታ ሌሎቹ ታስረው ቢቀሩ ምን ጓደኝነት ነው?»

ይህ ለልጄ ከስግደት ሁሉ የከበደ ቀኖና ነበር። ለጓደኞቿ እኔ የምሞላው ሌላ ነው ብላ ራሷ መናገር አለባት። ልርዳሽ አላልሁም። ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት በራችን ላይ ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እኔ ውስጥ ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

«እኔ ጎንደርን አንደኛ አደርጋለሁ» አለቻቸው። «የእንስሳት ሕክምና ልማር ነው።»

«የበግ ዶክተር» አለች የነጋዴው ልጅ። «በጥቁር ገዋን ተመርቀሽ በግ ልታቅፊ?»

«አቅፋለሁ።»

«የኛ ቤት በግ ሲታመም በነፃ ነው?»

«የናንተ በግ እስከ አረፋ እንጂ የት ዕድሜ አለው?»

ረጅሟ ሳቀች። የነጋዴው ልጅ ግን አልሳቀችም። «ልትተዪን ነው ማለት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።

«አልተዋችሁም» አለች ልጄ። «አንቺ አዲስ አበባን ከልብሽ ነው የምትወጂው፤ ሂጂ፤ ሲሆንልሽ ማየት እፈልጋለሁ። እሷን ግን መርፌ ስታይ ከምትወድቅበት ቦታ ልወስዳት አልችልም። እኔም ሰው ሁሉ እሰይ እንዲለኝ ብዬ ልሄድ አልችልም። የማልነው ላለመለያየት ነው። ከእናንተ ጋር ሆኜ የማልፈልገውን ብማር ከእናንተ ጋር ነኝ ትያለሽ?»

የመለሰችላት ሁልጊዜ የማትናገረዋ ናት። «እኔም ሒሳብ ነው የምፈልገው» አለች። «እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ለጓደኞቼ እንዲህ ያለ ነገር የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ኮራሁባት።

በማግስቱ አብረው ሄዱ። የነጋዴው ልጅ ሳይቀር ሄዳ ከንስሐ አባታችን ደጅ ውጭ ቆመች። ሦስቱን «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ፈቱ፤ ስግደት አዘዙ፤ ዳግመኛ እንዳይምሉ ገሠጹ። ወደ በሩ አይተው «ያንቺን እኔ አልችልም፤ አባትሽ ዘንድ ሂጂ» አሏት። አባቷ ለመሐላሽ ማካካሻ አሥር ድሃ አብዪ አላት። «ከየት አምጥቼ?» ብትለው «ሱቅ ገብተሽ ሸጠሽ» አላት። ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ ስትለካ ሰነበተች። እኔም ነጠላ ልገዛ ብገባ «ቲቸር፣ መሐላዬን እየከፈሉልኝ ነው» አለችኝ።

ኢንተርኔት የሚሠራበትን ቀን ጠብቀው አራቱ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሞሉ፤ እያንዳንዷ የየራሷን። ምደባው ሲመጣ የነጋዴው ልጅ አዲስ አበባ ደረሰች። ረጅሟ ያልሞላችው ሩቅ አገር ደረሳት፤ አለቀሰች፤ ሄደች፤ አሁን ለምዳዋለች ይላሉ። ዝምተኛዋና ልጄ ጎንደር ተመደቡ። ገበያ ላይ «የት ደረሰችልሽ?» ሲሉኝ «ጎንደር» አልኋቸው። «እሱም ደግ ነው» አሉኝ። «በጣም ደግ ነው እንጂ» አልሁ፤ አልፌ ሄድሁ።

በመጀመሪያው ዕረፍቷ ስትመጣ የባለቤቴ እህት ከደረስጌ አንዲት የታመመች በግ በመኪና አስጭና መጣች። ልጄ ጎንደርን ከሞላች ወዲህ ወራት ሙሉ በወጉ አላነጋገረቻትም ነበር። ከበር ሳትገባ «ዶክተሯ የት ናት?» አለች።

«እኔ እኮ ገና ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው የምማረው አክስቴ» አለች ልጄ። «እዚያ ከሄድሁ አንድም በግ አልነካሁ።»

«ምን ልትሠሪ ሄድሽ ታዲያ?»

ልጄ በጓ አጠገብ ተንበረከከች፤ እኔም ሳልባል ሄጄ የበጓን ራስ በጉልበቶቼ ያዝሁ። በአውራ ጣቷ የዐይኗን ቆብ ገለጠች። ጎንበስ ያለችበት ሁኔታ የአባቷ ነው። አክስቷም አየችው መሰለኝ።

«እማዬ፣ እይው። አልነጣም» አለች ልጄ። ከዚያ የበጓን ሆድ ዳሰሰች፤ ትንፋሿን አዳመጠች፤ ተነሥታም «ምን እንደሆነች አላውቅም» አለች። «ገምቼ መድኃኒት ልሰጣት አልችልም። ወደ እንስሳት ጤና ኬላው አብረን እንውሰዳት፤ እኔም ሲያክሟት ልይ።»

አላውቅም ያለችው የአባቷን ስም ታስጠራለች ባለችው አክስቷ ፊት ነው። ከውጤቷም፣ ከምደባዋም ይልቅ በዚህ ኮራሁ። አክስቷ ነጠላዋን አስተካከለችና የበጓን ገመድ ለልጄ አቀበለቻት። «ምሪን» አለቻት። ሦስታችንም በጓን ይዘን በዳባት መንገድ ሄድን፤ ልጄ ከፊት ናት።

አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የምትወደውንም ጀምራለች። እኔ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እሱ የተዋቸውን በጎች አንድ በአንድ ይዤ የዐይናቸውን ቆብ እገልጣለሁ፤ ያየሁትን ለልጄ ደውዬ እነግራታለሁ።