ኳሱን የጣለው ሰውዬ

ባለቤቴ ተጠራጣሪ ነህ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሐኪም "ምንም የለብህም" ብሎ ሲያሰናብተኝ፣ "ታዲያ ለምን ፈገግ አለ?" እያልኩ መኪናዬ ውስጥ የምቀመጥ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ያለ ምክንያት ሲያሞግሰኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። ያ ቅዳሜም የጀመረው በጥርጣሬ ነው። ልዩነቱ፣ ያን ቀን የምጠረጥርበት በቂ ምክንያት ነበረኝ።

ናዝሬት ያለችው ታላቅ እህቴ ታማ ነበር። እትዬ ነው የምላት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከአገር ስወጣም በማታው አውቶቡስ የሸኘችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ኩላሊቷ ደክሞ ሆስፒታል ከገባች ሳምንታት አልፈዋል። እሁድ የምበርበትን ትኬት ቆርጬ፣ ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ አቁሜ ነበር። በሕይወት ልድረስባት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ስልኳን የሚያነሳ ጠፋ። ባለቤቴ "ናዝሬት ኔትወርክ የለም አሉ" አለችኝ። ማን እንዳላት ስጠይቃት ድስት ላማስል ብላ ተነሳች።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ "እስቲ ወጣ በል፣ ቤት ውስጥ ሆነህ ተጨነቅክ። ከጓደኞችህ ጋር ቤዝቦላችሁን ተከራከሩ" አለች። ባለቤቴ በቤዝቦል ትበሳጫለች እንጂ ለቤዝቦል ብላ ከቤት ስታስወጣኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ፤ ግን በመስኮት ስታየኝ አየኋት።

ስለ ቤዝቦሉ ትንሽ መናገር አለብኝ። አትላንታ የገባን ሰሞን እኔና ጓደኞቼ ታክሲ ነበር የምንነዳው። ከኤርፖርት የምናነሳው ተሳፋሪ ሁሉ ገና በሩን ሳይዘጋ "ጌሙ እንዴት ሆነ?" ይላል። የምንመልሰው ስናጣ ሬዲዮ እየከፈትን መስማት ጀመርን። ሕጉ ሳይገባን ተጫዋቾቹን ለመድናቸው፤ መልካቸውን ሳናይ የምንወደውም የምንጠላውም ነበረን። በቴሌቪዥን ያየናቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እኔ ቀጭንና ረጅም ነው ብዬ የማስበው ካቸር፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው፣ ድብልብል ያለ አጭር ሰው ሆኖ አገኘሁት። ፍቅሬ ግን አልቀነሰም።

የከተማችን ቡድን በየዓመቱ ከድሮ ተጫዋቾቹ አንድ ሁለቱን መርጦ የራሱ ሆል ኦፍ ፌም፣ የክብር አዳራሹ፣ ውስጥ ያስገባል። ማን ይግባ ብሎ እኛን የጠየቀን የለም። እኛ ግን ዓመት ሙሉ እንከራከርበታለን። እኔ ለካቸሩ ነኝ። አትላንታ ዳር፣ ማሪዬታ፣ ጎማ መጠገኛ ያለው ጓደኛችን፣ ጎሚስታው የምንለው፣ መሐል ሜዳ ይጠብቅ ለነበረው ሯጭ ነው። የኔን ካቸር መምታት አይችልም ብሎ "ዱላ የያዘ ዘበኛ" ይለዋል። ጎሚስታው በክርክር ተሸንፎ አያውቅም፤ ማለቴ ተሸነፍኩ ብሎ አያውቅም። በልጄ ሠርግ ኬክ ሲቆረጥ እንኳን ጆሮዬ ሥር ሆኖ ስለ ሯጩ ይነግረኝ ነበር።

ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ሰው ብቻ አለ። ሦስተኛ ቤዝ የሚባለው የሜዳው ማዕዘን ላይ የሚቆም ተጫዋች ነበር። ዋንጫው እጃችን ሊገባ ሲል፣ ሕፃን ልጅ የሚይዘውን ኳስ ጣለ። ሁላችንም በየታክሲያችን ሆነን በሬዲዮ ሰማነው። ጎሚስታው ተሳፋሪ እንደጫነ ከሀይዌይ ወጥቶ ቆመና መሪውን በቡጢ ደበደበ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተነው አናውቅም፤ "ኳሱን የጣለው ሰውዬ" ነው የምንለው።

የምንገናኝበት ካፌ ስማይርና የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቱ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ያን ቅዳሜ ገና ስገባ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው አቀፉኝ። ጋሼ ሰው አያቅፉም፤ "ምን ልታዘዝ?" የሚሉት እንኳን እየተቆጡ ነው። ሁልጊዜ የአገር ቤት ዜና የሚጮህበት ቴሌቪዥን ጠፍቷል። ጥግ ላይ ነርሱ ተቀምጧል። ነርሱ ሊልበርን የሚኖር ሌላው የታክሲ ዘመን ጓደኛችን ነው፤ ነርስነት ተምሮ ሆስፒታል ከተቀጠረ ወዲህ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።

"ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?" አልኩት።

"ኦፍ ወሰድኩ።"

"በቅዳሜ?"

"ደክሞኛል፣ ዩ ኖ" አለና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ነርሱ ስኳር የሚባል ነገር አይነካም። ባዶ ሻይ ነበር የሚያማስለው።

ትንሽ ቆይቶ "ስልክህን ስጠኝ እስቲ፣ የኔ ቻርጅ የለውም። ለልጄ ልደውል" አለኝ። ሰጠሁት። ውጭ ወጥቶ ተመለሰና ስልኬን ኪሱ ከተተው። እኔም አልጠየቅኩትም።

ያልጠየቅኩት ስለማውቀው ነው። መርዶ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሰው ሲሞትበት ቅዳሜና እሁድ እስኪደርስ፣ ቄሱ እስኪመጡ፣ ዘመድ ከየሰፈሩ እስኪሰበሰብ ባለ ጉዳዩ እንዳይሰማ ይደረጋል። አንድ ሰው ይዞ እንዲያቆየው ይመደባል። ያ ሰው ፌስቡክ እንዳይከፍትበት ስልኩን ይቀበለዋል፣ ወሬ ያመጣለታል፣ ያለ ወትሮው ደግ ይሆንለታል። እኔ ራሴ አንድ ጎረቤቴን ዕቃ መደብር ወስጄ ቀለም ሳስመርጠው ውያለሁ። ምስኪን፣ እናቱ ሞተው እሱ ለሳሎኔ ክሬም ይሻላል ነጭ ይሻላል እያለ ይጨነቅልኝ ነበር።

"እትዬ ሞታለች ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን ከጠየቅኩ ይመልሱልኛል። ፈራሁ። ስለዚህ በሌላ መንገድ ልሞክራቸው አልኩ።

"እኔ እምለው፣ ዘንድሮ መግባት ያለበት ካቸሩ ነው" አልኩ።

"ልክ ነህ" አለ ነርሱ።

ነርሱ ካቸሩን አይወደውም። ነርሱ የግራኙ ፒቸር፣ የኳስ ወርዋሪው፣ ሰው ነው።

"ግራኙስ?"

"ግራኙ ይቆያል። ካቸሩ ይቅደም።"

ወደ ጋሼ ዞርኩ። "እርስዎስ ጋሼ?"

"አንተ ካልክ ምን ይወጣለታል" አሉ። ጋሼ እኔ ያልኩትን ነገር ደግፈው አያውቁም።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ተጠራጣሪ ሰው ጫፉን ካገኘ እስኪያልቅ ይስባል።

"እንዲያውም" አልኩ፣ "ካቸሩም ይቅር። ኳሱን የጣለው ሰውዬ ነው መግባት ያለበት።"

ጋሼ ብርጭቆ ማድረቅ ጀመሩ፤ ደርቆ የተቀመጠውን። ነርሱ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል "ሰው ነው፤ ሊሳሳት ይችላል። አይ ሚን፣ እሱም ይገባዋል" አለ።

እትዬ ሞታለች አልኩ በልቤ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ጎሚስታው ገባ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ማንንም ሳያቅፍ፣ እንደ ወትሮው ወንበሩን እየጎተተ ተቀመጠ። ደስ አለኝ። መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው ቢያንስ እጁን ይታጠባል።

"ምን እያላችሁ ነው?" አለ።

ዓይኑን እያየሁ "ኳሱን የጣለው ሰውዬ ሆል ኦፍ ፌም ይግባ እያልን ነው" አልኩት።

"ማን ነው እንደዚያ ያለው?"

"እኔ።"

"አብደሃል።"

"ነርሱና ጋሼም ተስማምተዋል።"

"እነሱም አብደዋላ። ሰውዬውን ለሌላ ቡድን ትሬድ ሲያደርጉት እኮ አንተ ነህ ድግስ ልደግስ ያልከው። ቤዝቦልን በሬዲዮ ስለሰማኸው ዛሬም ዓይንህ አልተከፈተም።"

"አንተስ በምን ሰማኸው?"

"እኔ ሰምቼ ገባኝ። አንተ ሰምተህ ቀረህ።"

እፎይ አልኩ። ጎሚስታው መዋሸት አይችልበትም፤ ማሪዬታ ውስጥ አዲስ ጎማ መግዛት የማያስፈልገውን ደንበኛ ሂድ ብሎ የሚመልስ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ከተከራከረኝ እትዬ አለች ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩ እንዲያልቅ አልፈለግኩም። ስለ ሰውዬው የማላምንበትን ሁሉ ደረደርኩ። ስንቱን ከባድ ኳስ ይዞ አንድ ቢጥል ምን ይሁን አልኩ። መብራቱ ዓይኑን ወግቶት ይሆናል አልኩ። ትከሻውን ታሞም ሲጫወት ነበር አልኩ። ጎሚስታው አንዱንም አላሳለፈልኝም። ጠረጴዛውን ሲመታው የነርሱ ሻይ ፈሰሰ። እየተሰደብኩ ሳቅኩ። ከሐሙስ ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በመሐል ሰዓቱን ሲያይ አይቼዋለሁ። ሱቁን ክፍት ትቶ መጥቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ሐኪም ፈገግ አለ ብዬ የምጠረጥረው እኔ፣ እሱን አለፍኩት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የነርሱ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ነርሱ አንስቶ "እሺ፣ እሺ" አለና ዘጋ። ጎሚስታው ተነሳ። ውጭ ስንወጣ የመኪናዬ የፊት ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። ጎሚስታው ቁጢጥ ብሎ ዳበሰው።

"ምስማር ነው። ነገ እሠራልሃለሁ፤ አሁን በኔ እንሂድ" አለ።

በጎማ ነገር ጎሚስታ አይጠረጠርም። ገባሁ።

መንገድ ላይም አልተወኝም። በየመብራቱ ሲቆም እጁን ከመሪው ላይ እያነሳ ይከራከራል። እኔም እመልሳለሁ። ወደ ሰፈሬ ስንታጠፍ "ሆል ኦፍ ፌም ለይቅርታ የተሠራ ቤት አይደለም፤ ለይቅርታ ቤተ ክርስቲያን አለለት" እያለኝ ነበር። ከዚያ መኪናዎቹን አየሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ጎረቤታችን ሣር ጠርዝ ድረስ ቆመዋል። የቄሱን መኪና ለየኋት። የጋራዣችን በር ተከፍቶ፣ ውስጡ የሰበካው ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጥቁር የለበሱ ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል።

ጎሚስታው ፊት ለፊቱን እያየ "ሦስተኛ ቤዝ ማለት እኮ..." አለና ቆመ። አልጨረሰውም።

እትዬ ያረፈችው ሐሙስ ነው። አርብ ተቀብራለች። እኔ አርብ ዕለት ለእሷ የሚለሰልስ ጫማ ስመርጥ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ እኔ እንባ አልወጣኝም። ሰዉ "ደንግጦ ነው" አለ። አልደነገጥኩም፤ ተቆጥቼ ነበር። በባለቤቴ ተቆጣሁ፣ በነርሱና በጋሼ ተቆጣሁ። እነሱስ ይሁን፣ ውሸታቸውን አውቄባቸው ነበር። በጎሚስታው የተቆጣሁትን ያህል ግን በማንም አልተቆጣሁም፤ ከሁሉም መሐል ያመንኩት እሱን ነው።

ሦስቱንም ቀን ከቤቴ አልተለየም። ወንበር ይዘረጋል፣ ውሃ ያድላል፣ ቆሻሻ ያወጣል። አያናግረኝም፤ እኔም አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ነርሱ ስልኩን አየና ቡድኑ የዘንድሮውን ሆል ኦፍ ፌም ማስታወቁን ነገረን። ካቸሩም የለም፣ ሯጩም የለም፣ ግራኙም የለም። ማን ምን እንደበደለን በለቅሶ ቤት ድምፅ፣ ቀስ እያሉ መከራከር ጀመሩ። ጎሚስታው ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ የወረቀት ኩባያ ይደረድር ነበር።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጎማዬ ላይ ምስማር አልነበረም" አልኩት።

"አልነበረም። ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ። ድንገት ሰምተህ ብትነዳስ ብዬ ነው። ሞልቼልሃለሁ፤ መኪናህ ውጭ ቆማለች።"

"እጅህንስ?"

"እጄን ምን?"

"ሳትታጠብ የመጣኸው።"

"ታጥቤ ብመጣ ታውቅብኛለህ" አለ። "ጎማውን ሳስተነፍስ በመስኮት አየሁህ። እነዚህ እያባበሉህ ፊትህ አመድ መስሏል። ገብቶሃል አልኩ። እስኪሰበሰቡ ድረስ ትንሽ ትቆይልህ ብዬ ነው።"

ማን ትቆይልህ ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያንን ከሰዓት አስታወስኩት። ሻዩ ሲፈስ፣ እኔ እየተሰደብኩ ስስቅ፣ እትዬ በሕይወት ነበረች። ቁጣዬ ግን አሁንም አልለቀቀኝም። ደግሞም ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ከልቤ አንድ ጥግ ላይ እሱ ዛሬም ይከራከረኛል፣ ከተከራከረኝም እትዬ አለች የሚል ነገር ነበር።

"ኳሱን የጣለው ሰውዬ ይገባዋል" አልኩት።

ካርታ የያዙት ቀና አሉ። ጎሚስታው እጆቹን አየ። ታጥበው ነጥተዋል፤ ጥፍሩ ሥር እንኳን ጥቁር ነገር የለም።

"ተከራከረኝ እንጂ" አልኩት።

"እሺ" አለ። "ይግባ።"

ሦስት ቀን እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።