ታፔላው ላይ ያለው ሰው

የድሮ ታፔላ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ፒያሳ ካለ አንድ ሆቴል ነው። ኒዮኑ ግማሹ ሞቷል፤ የቀረው ቀይ መብራት እየተርገበገበ «ሆቴ» ብቻ ይላል። ከዚያ ወዲህ በብሩሽ የተጻፈ የሱቅ ታፔላ ካየሁ ማለፍ አልችልም። ባነር የሚሉት ነገር ደሞ ደሜን ያፈላዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

አራዳ ውስጥ አንድ አዛውንት ፀጉር አስተካካይ አሉ። ከፊደሉ አጠገብ የአንድ ወጣት ሥዕል ያለበትን የቆርቆሮ ታፔላቸውን ስንቴ እንዳነሳሁት እንጃ። ባለፈው ክረምት ዝገት በልቶት ሲወድቅ ጣሉትና ባነር ሰቀሉ። አኩርፌያቸው ከረምኩ።

አንድ ቀን ደውለው «እስቲ ብቅ በል» አሉኝ። ስደርስ ከማክሰኝት የመጣች ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «አያ፣ ምነው ጣሉት?» ትላቸዋለች። ታፔላው ላይ የነበረው ወጣት አባቷ ነው። ሠዓሊው ያኔ ተስተካክለው ከጨረሱት ደንበኞች አንዱን አስቀምጦ ነበር የሳለው። አባቷ የሞተው እሷ ሳትወለድ ነው፤ አንድም ፎቶ የለውም። መልኩን አይታ አታውቅም። ስለ ታፔላውም ከዘመድ የሰማችው በዚያው ሳምንት ነው።

ስልኬን አወጣሁና አፈርኩ። እኔ የወደድኩት ፊደሉን ነበር። ሰውየውን በየፎቶው ቆርጬዋለሁ፤ አንዱ ላይ ጆሮ፣ ሌላው ላይ አገጭ ብቻ። እሷ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች፣ እኔ ራሴን እረግማለሁ።

በመጨረሻ ባጃጅ መሀል ገብቶ አበላሸብኝ ያልኩት ፎቶ ወጣ። ላጠፋው አስቤ የረሳሁት ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያብረቀርቃል፤ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ታራግፋለች፤ ከባጃጁ በላይ ታፔላው ሙሉውን ይታያል። እንዴት ያለ ቆንጆ ፎቶ ነው! አጎላሁላት። ግንባሩ ሰፊ፣ ፀጉሩ አጭር፣ ፈገግ ሊል ትንሽ የቀረው ሰው።

ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «ሸጋ ነው» አለች ቀስ ብላ። ፎቶውን ለእናቷ ላከችና ደውላ ላውድ ላይ አደረገችው።

ይደነግጣሉ ብለን ስንፈራ የእናትየው ድምፅ መጣ፤ «ምነው ጠጉሩን እንዲህ አሳጠሩት?»

አዛውንቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ራሱ ነው አሳጥረው ያለኝ፣ እህቴ» አሉ።

«አመሉ ነው» አሉ እናትየው። «መቼ ይሰማኛል።»