የጀላል ሰንሰለት

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ገብታችሁ ጀላልን ብትጠይቁ «የትኛው ጀላል?» ነበር የምትባሉት። ጀላል ሰንሰለት ካላችሁ ግን ማንም እጃችሁን ይዞ ደጁ ድረስ ያደርሳችሁ ነበር። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች ማኅበር አንዲት የብረት ጀልባ ነበረችው፤ ጀልባዋ መንገድ ስትወጣ የምትጫንበትን ባለሁለት ጎማ ተሳቢ የሚጠብቀው ጀላል ነበር። መጠበቅ ስል ዘበኝነት እንዳይመስላችሁ። ጎማውን ይፈታል፣ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያጥባል፣ ግራሶ ይሞላል፣ ቡሎኑን አንድ በአንድ ያጠብቃል። መጨረሻ ላይ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም የመጠባበቂያ ሰንሰለት ተሳቢው ከሚንጠለጠልበት መንጠቆ፣ ከጋንቾው፣ ሥር አጠላልፎ ያስርና ደጋግሞ ይጎትተዋል።

ጭቅጭቁስ ቢሆን! ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ሰው ሁሉ ጀልባዋን ውኃ ውስጥ ከትቶ ለመገላገል ይጣደፋል፤ እሱ ወይ ፍንክች። የእጁን ጀርባ በጎማው መሃል ያሳርፍና «ገና ትኩስ ነው» ይላል። «የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ኩሽኔታው ይዝግና አንድ ቀን ዳገት ላይ ጎማው ጥሎን ይሄዳል።» እስኪበርድ ድረስ ሁሉም ቁጭ ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን እንኳ እንዲህ አትንከባከብም!» ይሉታል። ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም።

የማይስቅበት ምክንያት ነበረው። በሺር የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። በአብዮቱ መጀመሪያ ግድም አንድ የገበያ ቀን ጀልባዋን ጭነው፣ በሺርንም ይዘው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ መንገደኛው ሁሉ አሳፍሩን አለ። በእኛ አገር እግረኛን አቧራ አልብሶ ማለፍ ነውር ነው፤ ጀልባዋ ላይ ሰውም ጆንያም ጫኑ። ጥቂት እንደሄዱ ጆንያው መንሸራተት ጀመረ። ገመድ አልነበረም። ጀላል ያንን የመጠባበቂያ ሰንሰለት ፈታና ጆንያውን አሰረበት። «ጋንቾው ይበቃል» አለ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጋንቾው ዘለለ፤ የሚይዘው ሰንሰለት የለም፤ ተሳቢው ወደ ኋላ ተንደርድሮ ከመንገዱ ጠርዝ ተገለበጠ። ሌላው ዘሎ ተረፈ። በሺር ከጆንያዎቹ ሥር ቀረ። ጀላል የወንድሙን መቃብር አፈር እንደ ጨበጠ፣ «ወላሂ! ከዛሬ ጀምሮ ጀልባ በተጫነበት ተሳቢ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አላወጣም!» ብሎ ማለ። እንግዲህ ወላሂ ካለ አለ ነው።

ሰባ ሰባት መጣ። ያን ዓመት ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከቆላው የተነቀለው ሕዝብ ያንን መንገድ ሞልቶት ነበር። ጀልባዋ ሆዷ ተበስቶ ኮምቦልቻ ተበየደችና ወደ ሐይቅ ልትመለስ ተጫነች፤ ዓሣውም ለተራበው የሚታደል ነበርና አስቸኳይ ነው ተባለ። የመኪናው ጋቢና በማኅበሩ ሰዎች ተሞልቷል፤ ከኋላው የጨው ጆንያና የነዳጅ በርሜል እግር ማሳረፊያ አሳጥቷል። ጀላል ራሱ ሰንሰለቱን እያየ ለመሄድ የመኪናው የኋላ ጫፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል።

ዳገቱ ሊጀምር ሲል ጎማ ሊያዩ ቆሙ። አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ተነስታ መጣች። ጣይባ ትባላለች፤ ትንሽ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች።

«ወንድሜ፣ ለአላህ ብለህ! ደሴ ሐኪም ቤት ብቻ አድርሰን። ጀልባዋ ጥግ ኩርምት እላለሁ፤ አልከብዳችሁም።»

ምኗ ይከብዳል! ከሷ ይልቅ ነጠላዋ ይከብድ ነበር።

ቀለሙ የሚባለው ሾፌር ከጋቢናው ወርዶ አያት። «ጀላል፣ ትናንት ነው ኩሽኔታውን ግራሶ የሞላኸው። ጋንቾው አዲስ ነው፣ ሰንሰለቱም አለ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ምን እንሆናለን?»

«ምያለሁ፣ ቀለሙ። ወላሂ ብያለሁ። መሐላዬን አታስፈርሰኝ።»

ያቺን የተንጠለጠለባትን ጫፍ ሊለቅላት ቃጣው። ግን ልጅ የታቀፈች ሴት በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ያንን ዳገት አትወጣም። ከኪሱ ያለችውን ጭብጥ ቆሎ ሰጣት። «ሌላ መኪና ይመጣል፤ አብሽሪ» አላት።

«እሺ ወንድሜ። አላህ በሰላም ያግባችሁ» አለችው።

ብትረግመው ይሻለው ነበር።

በሰላም ገቡ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀላል የእጁን ጀርባ በጎማው መሃል አሳረፈ፤ ለብ ብሎ ነበር እንጂ አልጋለም። አንድ ቡሎን አልላላም። ሰንሰለቱ እንዳሰረው ነው።

በማግስቱ የቀረውን ጨው ሊያመጡ በባዶ መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። የዚያው ዳገት ግርጌ ሲደርሱ ጥቂት ሰዎች አካፋ ይዘው ቆመዋል። ጀላል መኪናው በቅጡ ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ጉድጓዷ ትንሽ ነበረች። ያስቀበሩት ሽማግሌ ሸህ ዘይኑልአቢዲን አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ ነበር። ጀላል ትናንት የሆነውን፣ መሐላውንም ሳይቀር፣ እየተንተባተበ ነገራቸው።

«እናስ ልጄ፣ ለመሐላህ ብለህ ተውካት?» አሉት።

«ወላሂ ብዬ ነበር፣ ሸህ። እርስዎ ይፍረዱኝ፤ ምን ላድርግ?»

«መሐላ ከደግ ሥራ ሲከለክልህ ደጉን ትሠራለህ፤ ከዚያ ለመሐላህ ካሳ ሚስኪን ታበላለህ። ከሌለህ ሦስት ቀን ትጾማለህ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ማንንም ብትጠይቅ ይነግርህ ነበር።»

ሦስት ቀን ጾም! አገሩ በሙሉ ያለ ኒያ፣ ጾም ሳያስብ፣ በሚጾምበት ዓመት፣ ሦስት ቀን ጾም! ጀላል መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

ጣይባ ከጉድጓዷ አጠገብ ባዶውን ነጠላ ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው፤ አወቀችው። ትሰድበኛለች፣ ብትመታኝም ደግ አደረገች ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ጀልባችሁ ደህና ገባች?»

«ገባች» አላት።

«አልሐምዱ ሊላህ» አለች ጣይባ። ከልቧ ነበር።