የንጉሥ ልጅና የእግር ውሃ

ዘርፈሽዋል እናቷን ይዛ ከምትኖርበት ከኦሮራ በሃምፕደን መንገድ፣ እንግልውድ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ እየነዳች ነበር። ወይዘሮ አያልነሽ ከደሴ ለጥየቃ ከመጡ ጀምሮ «ሥራሽን ሳላይ አልመለስም» ብለው ወጥረው ይዘዋታል። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ሐኪም ቤት ናት» ብለው አውርተዋል፤ በሐሳባቸው ያለችው ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ትእዛዝ የምትሰጥ ሴት ናት። ዘርፈሽዋል ግን ካቶሊኮች በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መኖሪያ አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። በባላምባራስ አያቷ ቤት እግር የሚያጥቡት ሎሌዎች ነበሩ። እናቷ እውነቱን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የምታየውን ነው የፈራችው። የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ፣ መግቢያውን ብቻ አሳይታ ልትመልሳቸው አስባለች።

መግቢያው ላይ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ ዘውድ የደፋች ወጣት ሴት በመጎናጸፊያዋ ዳቦና ጽጌረዳ ታቅፋለች። ወይዘሮ አያልነሽ ዘውዱን እንዳዩ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ለጥ ብለው እጅ ነሡ።

«እመቤቴ ማርያም፣ እዚህም አለሽልኝ!»

«እቴቴ፣ ማርያም እኮ አይደለችም።»

«ዘውድ ደፍታ ማርያም ካልሆነች ማን ልትሆን ነው?»

«ኤልሳቤጥ ናት፣ የካቶሊኮች ቅድስት። የሃንጋሪ ንጉሥ ልጅ።»

«ውይ! ለማላውቃት ሰገድኩ በይኛ» አሉና ሰው አይቷቸው እንደሆነ ዙሪያቸውን ቃኙ። «ለመሆኑ ደግ ነበረች?»

ይህን ታሪክ ስትናገር የዘርፈሽዋል አንደበት ይፈታል። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ መኪናዋ ውስጥ ተደብቃ ታለቅስ በነበረ ጊዜ፣ የነገሯት እዚያው የሚኖሩት ጡረተኛዋ መምህርት ሚስ ዶሮቲ ናቸው። ኤልሳቤጥ የኖረችው ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ስትወለድ በእኛ አገር ገና ላሊበላ በዙፋኑ ላይ ነበር። በልጅነቷ ለአንድ የጀርመን መስፍን ታጨች። ለድሆች ዳቦ ሸሽጋ ስትወስድ ባሏ «ምን ይዘሻል?» ቢላት፣ መጎናጸፊያዋን ስትገልጠው ዳቦው ጽጌረዳ ሆኖ ተገኘ ይባላል።

«የሚደንቀው ግን እሱ አይደለም፣ እቴቴ! ባሏ ለዘመቻ ወጥቶ በመንገድ ሞተ። እሷ ገና ሃያ ዓመቷ ነው። ሌላ መስፍን አግቢ ቢሏት እምቢ አለች፤ ከባሏ በደረሳት ድርሻ ሐኪም ቤት አሠራች። አሠርታም ዞር አላለችም፤ ሰው የሚጸየፈውን የበሽተኛ እግር እጅጌዋን ሰብስባ በገዛ እጇ ታጥብ ነበር።»

«የንጉሥ ልጅ? እግር አጠበች?»

ይህን ሲሉ ሚስ ዶሮቲ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ብቅ አሉ። በእንግሊዝኛቸው ጮክ ብለው፣ «ዘርፌ! ነገ እግሬን የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ አይደል? ያቺኛዋ ውሃውን በረዶ ታደርገዋለች!» አሏት።

«ምን አሉ?» አሉ እናቷ።

«ደህና ዋልሽ ነው ያሉት» ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ዘርፈሽዋል ቀና ብላ ሐውልቱን አየችው።

«‹ነገ እግሬን የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ ወይ› ነው ያሉት። ሥራዬ ይኸው ነው፣ እቴቴ። ማጠብ።»

ወይዘሮ አያልነሽ የሚስ ዶሮቲን ያበጡ እግሮች ተመለከቱ፤ ከዚያ ዘውድ የደፋችውን ሴት።

«ለምን ነገ ይባላል? ውሃ አምጪ። አጠባሽን ልየው።»

ሚስ ዶሮቲ ደስ አላቸው፤ ተረኛዋ ነርስም ፈቀደች። ዘርፈሽዋል የውሃውን ሙቀት በክርኗ ለካች፣ ተረከዙን አሸች፣ በየጣቱ መሐል ያለውን ሳይቀር በፎጣ አደረቀች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው እንደ ፈተና መርማሪ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ።

«አበቃሽ?»

«አበቃሁ።»

«ኧረ የት ያደግሽ ነሽ! እግር አጥቦ ሳይስሙ መነሣት አለ? ይኸን ሁሉ ዓመት እንዲህ ስታሰድቢኝ ኖርሽ?»

ብድግ ብለው የሚስ ዶሮቲን እግር ሳሙ። አሮጊቷ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈረሱ፣ የወይዘሮ አያልነሽንም እጅ አልለቅም አሉ።

ከዚያ ወጥተው፣ ፓርክ ሂል አካባቢ የምትኖረውን የዘርፈሽዋልን እህት ሊጠይቁ በመኪና እየሄዱ ሳለ፣ ወይዘሮ አያልነሽ ደሴ ደውለው ጎረቤታቸውን እየጮኹ ያናግሩ ነበር።

«አየኋት፣ አየኋት! ነርስ? የምን ነርስ! ልጄ እንደ ንጉሥ ልጅ እግር ታጥባለች። መሳሙ ትንሽ ይቀራታል፤ እሱን እያስተማርኳት ነው።»